ከሐዲዱ ማዶ

በታኅሣሥ 19 ወይም በሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል በዓል ከአዲስ አበባ በመኪና የተነሣ ሰው ሁሉ አዋሽ ሰባትን ያውቃታል። የምናውቃት ግን ነዳጅ የምንቀዳባት፣ ውሃ የምንገዛባትና ሙቀቷን የምናማርርባት የመንገድ ዳር ከተማ አድርገን ነው። እኛም ስንት ዓመት እንዲሁ አልፈናታል። በመጨረሻው ጉዟችን ግን ጎማችን ተንፍሶ ጎሚስታው እስኪለጥፈው ድረስ ጥላ ፍለጋ ከዋናው መንገድ ወጣ ብለን አሮጌውን ሐዲድ ተሻገርን።

ከማዶ ያገኘነው ሌላ ከተማ ነው ለማለት ይቻላል። የጥንቱ ጣቢያ፣ የሠራተኞቹ ቤቶች፣ ከጣቢያውም ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ ያለውና ዛፎች የከበቡት የአዋሽ ቡፌ አሉ። ቡፌውን ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት አንዲት ግሪካዊት እመቤት ነበሩ። በጣቢያው ደጃፍ ተቀምጠው ያገኘናቸው አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ «ልጆቼ፤ ምግቡ ቀርቦ ሳለ ደወሉ ሲደወል፣ ስንቱ ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ ወደ ፉርጎው ሲሮጥ አይቻለሁ» ብለው አሳቁን።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ የሆነው ይህ ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ወላጆቻችን ለቁልቢ የተሳሉትን ይዘው እስከ ድሬዳዋ የሄዱት በእርሱ ነው። ዛሬ በአዋሽ በኩል ባቡር አይሄድበትም፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር የራሱ ሰፊ ሐዲድ አለው።

ሽማግሌው እስከ ገደሉ ድረስ ሸኙን። የአዋሽ ወንዝ መሬቱን ሰንጥቆ ከሥር ይወርዳል፤ ከዚያም ባሕር ሳይደርስ በበረሃ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ በኋላ የነገሩን ግን ሣቃችንን አቆመው። በጥር 1977 ዓ.ም. ፈጣኑ ባቡር በከተማይቱ አጠገብ ባለው ጠመዝማዛ ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹም ወደ ገደል ወደቁ። ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ እንደ ሆነ ይነገራል። ሽማግሌው፣ «አብረውኝ የሠሩም ነበሩ» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

በዚያ ሥፍራ አጠገብ ያን ያህል ጊዜ ስንመላለስ ሐብሐብ ስንከራከር እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ «ነፍስ ይማር» አለማለታችን አሳፈረን። የሚያሳፍር አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር አንከራከረውም።

በሐምሌ የምትወጡ ቤተ ሰቦች፣ መኪናችሁን መንገዱ ዳር አቁማችሁ ሐዲዱን በእግር ተሻገሩ። ከዛፎቹ ሥር ጥላ ስላለ ስንቃችሁን እዚያ መፍታት ትችላላችሁ። ልጆቹን ግን ወደ ገደሉ ስትወስዱ እጃቸውን ያዙ፤ አፋፉ ድንገተኛ ነው።