ባለቤቱ ሲታመም የሚዘጋ ቢሮ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እሠራበት የነበረው የኮምቦልቻ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ባለቤት በድንገት ታመው ደሴ ሆስፒታል ተኙ፡፡ የሒሳብ ባለሙያዎች እንደሚያውቁት ወሩ መጥፎ ነው፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የማሳወቂያ ጊዜ ጥቅምት 30 ያበቃል፡፡ እኛ አራት ሠራተኞች ነበርን፡፡ ሁላችንም ሰነድ መመዝገብ እንችላለን፡፡ ይሁን እንጂ የየትኛው ነጋዴ ደረሰኝ እንደጎደለ፣ ከማን ጋር በስንት ብር እንደተስማሙ፣ ለማን ምን ቃል እንደገቡ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፡፡ ነገሩ ሁሉ በጭንቅላታቸውና በሞባይላቸው ውስጥ ነበር፡፡

ሦስት ደንበኞች ቀኑ አልፎባቸው ቅጣት ከፈሉ፡፡ ሁለቱ ሌላ ቢሮ ፈልገው ሄዱ፡፡ የሚገርመው፣ ጋሼ (እንዲህ ነበር የምንጠራቸው) እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሒሳብ ባለሙያዎች ሁሉ አዋቂው ናቸው፡፡ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን አመራር ነበር፡፡

በዓመቱ ደግሞ የባሰ መጣ፡፡ በጥቅምት 2014 መጨረሻ፣ የማሳወቂያው ጊዜ ሊያበቃ ቀናት ሲቀሩት፣ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ያዘ፡፡ ከተሞቹ በኅዳር መጨረሻ ነፃ ሲወጡ ተመልሰን ያገኘነው ባዶ ጠረጴዛ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ፋይሉም የለም፡፡ በሌላ ቢሮ የሚሠራ ጓደኛዬ ግን ዘወትር ዓርብ የሳምንቱን ሥራ በዲስክ ገልብጦ አዲስ አበባ ይልክ ነበር፡፡ መብራት እንደተመለሰ በሳምንቱ ሥራ ጀመረ፡፡ ዝርፊያው ሁለታችንንም አግኝቶናል፤ ዝግጅታችን ግን አንድ አልነበረም፡፡

ስለዚህ በእኔ እምነት የሒሳብ፣ የጥብቅናም ሆነ የምሕንድስና ቢሮ በደንብ መመራቱ የሚለካው ባለቤቱ በሌለበት ቀን ነው፡፡

ሕጉ በዚህ ረገድ መንገድ ከፍቷል፡፡ የ1952ቱን የንግድ ሕግ በአብዛኛው የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ባለሙያዎች ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል፡፡ በዚያው ዓመት የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም ለየብቻቸው ይሠሩ ለነበሩት ጠበቆች በድርጅት የመደራጀት ዕድል ሰጥቷል፡፡ ነገር ግን በወረቀት ላይ መሸረክ አንድ ነገር ነው፤ ሥራን መጋራት ሌላ ነው፡፡

ትልቅነትም ብቻውን አያድንም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተውና ወደ 85 ሺህ ሠራተኞች የነበሩት የአሜሪካው አርተር አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ከኤንሮን ቅሌት ጋር ፈረሰ፡፡ የድርጅቱ የሙያ ደረጃ ክፍል በኤንሮን ሒሳብ ላይ ተቃውሞ አቅርቦ ነበር፡፡ የሂውስተን ቢሮ ኃላፊዎች ግን ተቃውሞውን አልፈውት ሄዱ፤ አሠራሩም ይህን ይፈቅድላቸው ነበር፡፡ ሁለተኛ ዓይን ነበረ፤ አቁም የማለት ሥልጣን ግን አልነበረውም፡፡

ታዲያ የእኛ ቢሮዎች ሥራን የማይጋሩት ለምንድን ነው? ባለቤቶችን ስንጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ «አሠልጥኜው ደንበኞቼን ይዞ ይሄዳል»፡፡ ሥጋቱ ሐሰት አይደለም፤ ሲሆን አይቻለሁ፡፡ ዳሩ ግን ሠራተኛው የሚሄደው ለምንድን ነው? አሥር ዓመት ቢያገለግልም ከደመወዝተኛነት እንደማያልፍ ስለሚያውቅ ነው፡፡ ባለቤቱ እንዳይሄድበት ብሎ ደንበኛውን ይደብቀዋል፤ ሠራተኛው ስለተደበቀበት ይሄዳል፡፡ ይህን አዙሪት የሚሰብረው ድርሻ ነው፡፡ በስንት ዓመትና በምን መመዘኛ ሸሪክ እንደሚሆን በጽሑፍ የተነገረው ሰው ቢሮውን የራሱ አድርጎ ይጠብቃል፡፡

የቀረው ቀላል ነው፡፡ ከየደንበኛው ጋር የሥራውን ወሰንና ዋጋ የሚገልጽ ውል መፈራረም፣ የሠራው ሰው ራሱ ያላረመውን ሥራ ብቻ ማስወጣት፣ የፋይል ቅጂን ከከተማ ውጭ ማስቀመጥ፡፡ «ለትንሽ ቢሮ ይከብዳል» የሚሉ አሉ፡፡ የጓደኛዬ ቢሮ ሠራተኞች ግን ሦስት ብቻ ነበሩ፡፡

ጉዳዩ የባለቤቶቹ ብቻም አይደለም፡፡ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ደረቅ ወደቡና በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት ከተማ ናት፡፡ ሆኖም ጠቀም ያለ የኦዲትና የውል ሥራ ሲመጣ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አይቻለሁ፡፡ ባለሙያ ስለጠፋ አይመስለኝም፤ አንድ ሰው ቢታመም የማይቆም ቢሮ ስለሚፈለግ ነው፡፡

ጋሼ ድነው ተመልሰዋል፡፡ ከዝርፊያው በኋላ በመጀመሪያ የገዙት ኮምፒዩተር ሳይሆን ትልቅ መዝገብ ነበር፡፡ የእያንዳንዱን ደንበኛ ጉዳይ እየነገሩን እኛ ጻፍን፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ፡፡ የሃያ ዓመት ቢሮ በሦስት ሳምንት ሊጻፍ ይችል ነበር ማለት ነው፡፡ አንባቢም ቢሮ ካለዎት ስልክዎን ለሁለት ሳምንት ዘግተው ይሞክሩት፤ ሲመለሱ የሚጠብቅዎት ነገር ቢሮዎ እንዴት እንደሚመራ ይነግርዎታል፡፡