ከጨረሩ በፊት ፍሎራይዱ፦ የዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ አደጋ አመዛዘን

ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ሲነሣ አስቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጨረር ነው። በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ምደባም ዋና መደቡ ክፍል 7፣ ማለትም ጨረር አመንጪ ቁስ ሲሆን፣ መርዛማነቱና አካልን የማቃጠል ባሕርይው በተጓዳኝ አደጋነት ይመዘገባሉ። የውሁዱ የአደጋ ታሪክ ሲመረመር ግን ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ሆኖ ይገኛል። ውሁዱ በትምህርትም ሆነ በደኅንነት ሥርዓት ውስጥ በቅድሚያ እንደ አደገኛ ፍሎራይድ፣ ቀጥሎ እንደ ጨረር አመንጪ ቁስ መታየት ይገባዋል።

ውሁዱ ለዩራኒየም ማበልጸግ የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በመደበኛ የከባቢ አየር ግፊት በ56.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይቀልጥ በቀጥታ ከጠጣርነት ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ሁለተኛ፣ በተፈጥሮ የሚገኘው ፍሎሪን አንድ አይሶቶፕ ብቻ ስላለው፣ በሞለኪዩሎቹ መካከል ያለው የ349 እና የ352 የመጠነ ቁስ ልዩነት የሚመነጨው ከዩራኒየም 235 እና 238 ብቻ ነው። ለሥራው ያበቁት እነዚህ ባሕርያት ግን ከአደጋው የሚለዩ አይደሉም። በቀላሉ የሚተን ቁስ መያዣው ሲሰበር በቀላሉ ያመልጣል።

ውሁዱ ከደረቅ አየር ጋር አይዋሐድም፤ ከእርጥበት ጋር ግን ወዲያውኑ ይዋሐዳል። አንድ ሞለኪዩል ከሁለት የውሃ ሞለኪዩሎች ጋር ሲገናኝ አንድ ዩራኒል ፍሎራይድና አራት ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ያስገኛል። በስሌት ሲታይ ከአንድ ኪሎ ግራም ውሁድ ወደ 230 ግራም የሚጠጋ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ ወደ ሰውነት የዘለቀው ፍሎራይድም ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ የልብን ሥራ ሊያውክ ይችላል። በተጨማሪም ጠጣሩ ሲቀልጥ እፍግታው በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከ5.1 ወደ 3.6 ግራም ገደማ ስለሚወርድ ይዘቱ በ40 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከልክ በላይ የተሞላ ሲሊንደር ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1986 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ጎር አቅራቢያ በሚገኘው የሴኮያ ፊውልስ ፋብሪካ የደረሰው ይኸው ነበር። ከተፈቀደው መጠን በላይ የተሞላ ሲሊንደር ትርፉን ለማስወጣት ሲሞቅ ፈነዳ፤ አንድ ሠራተኛም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ተንፍሶ ሞተ። ቀደም ሲል በሴፕቴምበር 1944 በፊላደልፊያ የባሕር ኃይል ግቢ በደረሰ ፍንዳታ ውሁዱ ከእንፋሎት ጋር ተቀላቅሎ ሁለት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በሁለቱም ስፍራ አጥፊው የጨረር ክምችት አልነበረም።

ለዚህ ምክንያት አለው። የዩራኒየም 238 ግማሽ ዕድሜ ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ስለሚጠጋ በአንድ ግራም ውስጥ የሚኖረው የጨረር መጠን አነስተኛ ነው። የሚሟሟ ዩራኒየም ግን እንደ ሌሎች ከባድ ብረቶች ኩላሊትን ይጎዳል። የአሜሪካ የኑክሌር ቁጥጥር ሕግም አንድ ሠራተኛ ወደ ሰውነቱ የሚገባው የሚሟሟ ዩራኒየም በሳምንት ከ10 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የሚደነግገው የኬሚካል መርዛማነቱን በማሰብ ነው።

እርግጥ ነው፣ ጨረሩን ችላ ማለት አይቻልም። ዩራኒየሙ በበለጸገ መጠን ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ሰንሰለታዊ አጸግብሮት የመነሣት ዕድል ይጨምራል። የአልፋ ቅንጣቶችም የፍሎሪንን አቶም ሲመቱ ኒውትሮን ያስወጣሉ። ይህ መከራከሪያ ግን በተፈጥሮ ይዘቱ ላለ ወይም ለተሟጠጠ ዩራኒየም ቅደም ተከተሉን አይለውጥም።

ለዚህ የተሻለው ማስረጃ በኦሃዮ ፖርትስመዝና በኬንታኪ ፓዱካ የሚካሄደው ሥራ ነው። በዚያ ለአሥርተ ዓመታት በሲሊንደሮች ተከማችቶ የቆየው የተሟጠጠ ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ወደ ኦክሳይድ እየተለወጠ ነው። ለውጡ ከዩራኒየሙ አንድ አቶም እንኳ አያጠፋም፤ የዩራኒየሙ ጨረርም በዚህ አይቀንስም። የሚወገደው ፍሎሪኑ ብቻ ነው። ይሁንና የሚቀረው ጠጣር ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ የማያመነጭ፣ ለረጅም ጊዜ ማከማቻ የሚመች ይሆናል። ጨረሩ እንዳለ ሆኖ አደጋው ይህን ያህል ከቀነሰ፣ የአደጋው ዋና ምንጭ የት እንደነበር ግልጽ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ መደምደሚያ ነው። ውሁዱን የሚይዝ ተቋም የጨረር መለኪያ መኖሩን ብቻ በዝግጁነት መቁጠር የለበትም። የሃይድሮጅን ፍሎራይድ ማስጠንቀቂያ፣ የመተንፈሻ መከላከያ፣ የካልሲየም ግሉኮኔት ሕክምናና የሲሊንደር አሞላል ቁጥጥር ከጨረር መለኪያው እኩል፣ በብዙ ሁኔታም ቀድመው ሊሟሉ ይገባል። የአክቲናይድ ኬሚስትሪ ትምህርትም ተማሪው ስለ ጨረሩ ከመጠየቁ በፊት «ይህ ቁስ ውሃ ሲያገኝ ምን ይሆናል?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ አለበት። በጎር የሞተውን ሠራተኛ ሊያድን ይችል የነበረው ይህ ጥያቄ ነው።