ፖሙ እውነት ነበር፤ ታሪኩ ግን ውሸት



በዚህ ዓመት ከትምህርቴ ውጭ ያነበብኳቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የወንጀልና የሳይንስ ልብ ወለዶች ናቸው። «በፈጠራ ወሬ ጊዜህን ከምታጠፋ የሚጠቅምህን ብታነብ አይሻልም ወይ?» ያሉኝ ወንድሞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ መጽሐፉ ወንጀለኛውን ብቻ አድኖ የሚያበቃ ከሆነ እውነትም ጊዜ ማጥፊያ ነው። አንባቢውንም አብሮ የሚመረምር ከሆነ ግን፣ ዛሬ በግቢያችን በጣም የጎደለንን ነገር ያስተምራል። የጎደለን ነገር ለፍርድ አለመቸኮል ነው።

ከጥንታዊው ልጀምር። በ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ውስጥ የሦስቱ ፖሞች ታሪክ አለ። ዓሣ አጥማጅ ከጤግሮስ ወንዝ የተቆለፈ ሣጥን ያወጣል፤ ሲከፈት የተገደለች ሴት አስከሬን ይገኝበታል። ኻሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ለሚኒስትሩ ለጀዕፈር ሦስት ቀን ሰጥተው «ገዳዩን አምጣ፤ አለዚያ አንተ ትሰቀላለህ» ይሉታል። ጀዕፈር አንዱን እስረኛ ጎትቶ «ይኸው» ማለት ይችል ነበር። ነገር ግን የንጹሕ ሰው ደም በእጁ እንዳይሆን ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። በመጨረሻ ገዳዩ ራሱ ይመጣል፤ የሟች ባል ነው። ለታመመች ሚስቱ ከበስራ ሦስት ፖሞች አምጥቶላት ነበር። ከቀናት በኋላ አንድ ባሪያ ፖም ይዞ ሲያልፍ ያየዋል። «ከየት አመጣኸው?» ቢለው «ወዳጄ ሰጠችኝ» ይለዋል። ባልየው ቤት ሲገባ ያሉት ሁለት ፖሞች ብቻ ናቸው። ሚስቱን ሳያጣራ ገደላት። በኋላ ትንሽ ልጁ እያለቀሰ መጣ፤ ፖሙን ከእናቱ ሳያስፈቅድ የወሰደው እሱ ነበር፣ ባሪያው መንገድ ላይ ነጠቀው።

ልብ በሉ፤ ፖሙ እውነት ነበር። ባልየው በዓይኑ አይቶታል፣ ቆጥሮም አረጋግጧል። ውሸቱ ያለው ፖሙን ተከትሎ በመጣው ታሪክ ላይ ነው። የዛሬው ፖም ስክሪንሾት ነው። የአንዲት እህት መልእክት ተቆርጦ በቴሌግራም ግሩፕ ይለቀቃል። ጽሑፉ የሷ ነው፣ ስሟም አለበት። ለማን እንደጻፈችው፣ ከላይ ምን እንደተባለች፣ መቼ እንደሆነ ግን የለም። ማታ ከዒሻ በኋላ የተለቀቀው ነገር ፈጅር ሳይደርስ ፍርድ ሆኖ ያድራል። መገናኛ ታክሲ ተራው አካባቢ «ሌባ! ሌባ!» የሚል ድምፅ ሲሰማም እንዲሁ ነው። የሚሮጥ ሰው ሁሉ ሌባ ይመስላል፤ የኮተቤ ታክሲ እንዳያመልጠው የሚሮጠው ተማሪም ጭምር። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ ማጣራትን ያዘዘን፣ ካላጣራን በኋላ የሚመጣውን ጸጸትም ያስጠነቀቀን ለዚህ ነው።

በዚህ ተረት የማልስማማበት ነገርም አለ። ኻሊፋው ለገዳዩ ባል አዝነው ይቅር ሲሉት፣ ቁጣቸው ሁሉ ወደ ባሪያው ይዞራል። ባሪያው ጥቁር መሆኑም በአጋጣሚ አይመስለኝም። ባሪያው ዋሽቷል፤ ቢላዋውን ያነሳው ግን ባልየው ነው። ተረቱ ስለ ችኩል ፍርድ እያስተማረ ራሱ በችኮላ ይፈርዳል። አንባቢ ይህንንም ሊያይ ይገባል።

ከእኛው ሀገር የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ»ን ደግሜ አነበብኩ። በ1975 ዓ.ም. የታተመው ይህ መጽሐፍ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ለመዘገብ አስመራ የሄደ የጋዜጠኛ ታሪክ ነው። እንደ ስለላ ልብ ወለድ ብታነቡት ልብ ያንጠለጥላል፦ አጠገቡ ያለው ባልደረባ ለማን ነው የሚሠራው? የሚወዳት ፊያሜታስ? እኔን የያዘኝ ግን ጥርጣሬ በሰው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው። ሁሉም ሁሉንም በሚጠረጥርበት ከተማ እውነተኛ ፍቅር እንኳን ማስረጃ ይጠየቃል። የደራሲው ዕጣ ደግሞ ከመጽሐፉ የከፋ ሆነ። ባለሥልጣናቱ ልብ ወለዱን እንደ ክስ ማስረጃ አነበቡት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ወደ ባግዳድ ልመለስ፤ አሁን ግን በዘመናችን ወዳለችው። የአህመድ ሰዓዳዊ «ፍራንከንስታይን በባግዳድ» እ.ኤ.አ. በ2013 በዓረብኛ ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት የዓረብ ልብ ወለድ ዓለም አቀፍ ሽልማትን ያገኘ ነው። እኔ ያነበብኩት የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ነው። ዘመኑ 2005 ነው፤ በየቀኑ ቦምብ ይፈነዳል። ሃዲ የሚባል አሮጌ ዕቃ ሻጭ የሟቾችን የተበጣጠሰ አካል እየሰበሰበ አንድ ሙሉ ሰው አድርጎ ይሰፋዋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ እንደ ሰው ተከፍኖ እንዲቀበር ፈልጎ ነው። አስከሬኑ ግን ነፍስ ይዘራና ለእያንዳንዱ የአካል ክፍሉ ደም ሊበቀል ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ከእሱ ጋር ትሆናላችሁ፤ ገዳዮችን ነውና የሚገድለው። ቀስ በቀስ ሥጋው እየበሰበሰ ስለሚወድቅ መለዋወጫ ሥጋ ያስፈልገዋል። የማን ሥጋ? የንጹሕ ነው ወይስ የወንጀለኛ? አንድ ቀን ዓይኑ ሲጠፋበት ምንም ያላጠፋ ሽማግሌ ይገድልና ለራሱ ምክንያት ይፈጥራል። እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን አጥፌ ቆየሁ። እስከዚያ ድረስ እኔም አብሬው ስፈርድ ነበርና። ቂሳስ ዳኛ፣ ማስረጃና ወሰን ያለው፣ የይቅርታም በር የተከፈተበት ሕግ ነው። በቀል ግን ወሰን የለውም፤ ሲያልቅበት አዲስ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን ያየነውን ለሚያስታውስ ሰው ይህ የሩቅ ሀገር ታሪክ አይደለም።

በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ላይ ያለኝን አስተያየት ብዙዎቻችሁ ላትወዱት ትችላላችሁ። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግሞ ታትሟል፤ ልብ ወለድ የማያነብ ወጣት እንዲያነብ አድርጓል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። የጠፈር ሳይንቲስቱ፣ ስለላው፣ የጣና ምሥጢር ያስሮጣል። ነገር ግን በእኔ ሚዛን ይቀልላል። ወዳጅና ጠላት ከመጀመሪያው የተለዩ ናቸው፤ እኔ እንድኮራ እንጂ እንድጠራጠር አልተጠየቅሁም። የእኛ ሰፈር ሰውና የእኛ መስጂድ በዚያ ዓለም ውስጥ አለመታየታቸውን የሚያነሱም አሉ። ደራሲ በሚያውቀው ዓለም ላይ ቢጽፍ አይወቀስም። የእኛን የሚያውቁት እኛ ነን፤ መጻፍ ያለብንም እኛው ነን።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን የቤንጋሏ ሙስሊም ሮኪያ ሳኻዋት ሁሴን ናት። እ.ኤ.አ. በ1905 «የሱልጣና ሕልም» የሚል አጭር ታሪክ በእንግሊዝኛ ጻፈች። በሕልሟ ሀገር ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምርምር ይሠራሉ፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ውኃን ከሰማይ ይስባል፣ ሌላው የፀሐይን ሙቀት ያጠራቅማል። ወንዶቹ ሲስቁባቸው ይከርማሉ፤ ጠላት ሲመጣ ግን ወታደሩ ያቃተውን ያ የፀሐይ ሙቀት ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ቤት የሚዘጋባቸው ወንዶቹ ሆኑ! ወንድሞች፣ ሳትቆጡ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቀልዱ የሚነድፈን ተገላቢጦሹን አይተን ስለማናውቅ ነው። ጥቂት ገጾች ናቸው፤ በአንድ ታክሲ ሰልፍ ያልቃሉ።

ሁሉንም አንብቡ አልልም። በደምና በብልግና አንባቢ የሚጎትት መጽሐፍ መገናኛ ላይ በሚዞሩት ሻጮች ክምር ውስጥም አይጠፋም፤ እኔም ሁለቱን ሳልጨርስ ትቻለሁ። ሶላት የሚያሳልፍ መጽሐፍ ደግሞ ምንም ቢጥም ኪሳራ ነው። ነገር ግን ጥሩውን ካገኛችሁት አንድ ልምምድ ልጠቁማችሁ። መሐሉ ላይ ስትደርሱ ቁሙና ጥፋተኛ ነው ያላችሁትን ሰው ስም በወረቀት ጻፉ፤ ከሥሩ ማስረጃችሁን። ስትጨርሱ አስተያዩት። ስንት ጊዜ በመልክ፣ በአነጋገር፣ በስም ብቻ እንደፈረዳችሁ ታያላችሁ። በልብ ወለድ ስትሳሳቱ የሚጎዳ ሰው የለም። ዶርም ውስጥ ስልክ ጠፍቶ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ልጅ ሲዞር ግን፣ «ቆይ፣ እናጣራ» የሚል አንድ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እናንተ ሁኑ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።