ናይሮቢን መሸጋገሪያ ያደረጋት ማን ነው?

ለትምህርት ናይሮቢ የገባ ኢትዮጵያዊ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ከወገኖቹ የሚቀበለው ምክር ያው ነው። ስልክህን መንገድ ላይ አታውጣ፤ ከመሸ ብቻህን አትሂድ፤ ቤት ስትከራይ ከሐበሻ አትራቅ፤ ቋንቋው እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይበቃሃል፤ ለመሆኑ እዚህ ስንት ጊዜ ልትቀመጥ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት የናይሮቢ ተወላጅም ለልጁ ይናገራቸዋል፤ ክፋት የለባቸውም። የቀሩት ሦስቱ ግን በደግነት ተጠቅልለው የሚሰጡ ጎጂ ምክሮች ናቸው። ከሚሰጧቸውም መካከል በከተማይቱ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ኖረው ዛሬም ከሱቅ ዳቦ ለመግዛት ጣታቸውን የሚቀስሩ መኖራቸው ነገሩን ያብሰዋል።

ይህ ናይሮቢን እንደ መሸጋገሪያ የማየት አስተሳሰብ መነሻ አለው፤ መነሻውም የሚያሳፍር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገብተዋል። ለእነርሱ ናይሮቢ በእርግጥ የመጠበቂያ ክፍል ነበረች። ዓይናቸው በስደተኞች ኮሚሽን በር፣ ልባቸው በአሜሪካና በካናዳ ነበር። ነገ ይጠሩኝ ይሆናል ብሎ ሻንጣውን ሳይፈታ ዓመታት የቆጠረን ሰው፣ ስዋሂሊ ለምን አልተማርክም ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ተማሪው ግን ማንም አላሳደደውም። ፓስፖርቱን ይዞ፣ ወላጆቹ ከየትም ብለው ያገኙትን የትምህርት ክፍያ ከፍሎ፣ ዓውቆ የመጣ ነው። የሚጠብቀው የስም ዝርዝር የለም። ታዲያ ከስደተኛው የወረሰው ምንድን ነው? ሻንጣ ያለመፍታት ልማዱን ብቻ! መከራውን ሳይቀበል የመከራውን ጠባይ ተቀበለ። ከአገሩ የወጣን ሰው አንድ ጊዜ በአህያ፣ አንድ ጊዜ በፈረስ የሚመስለው የአባቶች ብሂልም ስንፍናውን የሚያጸድቅለት ሆኖ አረፈ።

«በእንግሊዝኛ ይበቃል» የሚለውን እንመርምር። በክፍል ውስጥ፣ እውነት ነው፣ ይበቃል። ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። ዳሩ ግን መምህሩ በሩን ዘግቶ ሲወጣ ክፍሉ ወደ ስዋሂሊና ወደ ሼንግ ይዞራል። ቀልዱ፣ ሐሜቱ፣ የቡድን ሥራው ክፍፍል፣ የትኛው መምህር ምን ይወድዳል የሚለው ዋና ዕውቀት ሁሉ የሚሻገረው ያን ጊዜ ነው። የእኛው ተማሪ በዚያ ሰዓት ስልኩን ይነካካል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ቋንቋ ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። ስዋሂሊ ሰዓትን የሚቆጥረው እንደ አማርኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። የቤቱ ጠባቂ «ኬሾ ሳአ ታቱ» ቢል ትርጉሙ «ነገ ሦስት ሰዓት» ነው፤ የሦስት ሰዓቷም ፀሐይ ያቺው በአዲስ አበባ የምትታወቀው የረፋድ ፀሐይ ናት። እንግሊዝኛ መሐል ሲገባ ጠባቂው ሦስቱን ዘጠኝ ብሎ ይተረጉማል፣ ተማሪውም ዘጠኙን መልሶ ሦስት ብሎ ይተረጉማል። ሁለቱም ሦስት የሚሉትን ሰዓት ሁለቱም ዘጠኝ ብለው ይቃጠሩበታል ማለት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አጥሩ ላይ ሆነው መነጋገር ሲችሉ በለንደን ዞረው እንደ መላላክ ያለ ነገር ነው።

ሰው ሲያደናቅፈው የናይሮቢ መንገደኛ «ፖሌ» ይለዋል። በእንግሊዝኛ የሚያስብ ተማሪ ቃሉን የይቅርታ መጠየቂያ አድርጎ ይወስድና «ይህ ሰው ምን አድርጎኝ ነው?» ብሎ ይገረማል። በአማርኛ ቢያስበው ኖሮ ግን መልሱ ከእናቱ አፍ የሰማው ነው፤ «እኔን!» ማለት ነው። ለታመመ፣ ለደከመ፣ ኀዘን ለደረሰበት ሁሉ «ፖሌ» ይባላል፤ «አይዞህ»ም «እግዜር ይማርህ»ም በውስጡ አሉ። እንግሊዝኛ ይህን የሚሸከም አንድ ቃል የለውም።

ስዋሂሊ የባንቱ ቋንቋ ነው፤ ሆኖም በዐረብኛ በኩል የተቀበላቸው ብዙ ቃላት ለአማርኛ ጆሮ የዘመድ ድምፅ አላቸው። ደም «ዳሙ» ነው፤ ሰባት «ሳባ» ነው፤ ብዕር «ካላሙ» ሲሆን ቀለምን ያስታውሳል፤ ገበያው «ሶኮ» ከሱቅ ጋር አንድ ምንጭ አለው። «ኤልፉ» እልፍን ይመስላል፤ ይሁንና ወጥመድ አለበት፤ የስዋሂሊው «ኤልፉ» ሺህ ነው፣ ስለዚህ አሥር «ኤልፉ» አንድ እልፍ ይሞላል። ኪራይ ሲጠይቁ ይህን ማወቅ ይበጃል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን «ኪታቡ» ነው። አማርኛ ቃሉን ለክታብ ሲያውለው ስዋሂሊ ለመጽሐፍ አዋለው፤ ከዚያም የመጀመሪያዋን «ኪ» እንደ ራሱ ስሞች ቅድመ ቅጥያ ቆጥሮ፣ መጻሕፍትን ሲያበዛ «ቪታቡ» አለ። እንግዳውን ቃል ሙሉ በሙሉ የአገር ልጅ አደረገው። እንዲህ ያለ ነገር ሊማርበት በመጣበት ከተማ አራት ዓመት ኖሮ ሳይሰማው መሄድ ለአንድ ተማሪ ድህነት ነው። ስሕተት የሚፈራም ቢኖር ይጽናና፤ ታንዛኒያውያን የናይሮቢዎቹን የራሳቸውን ስዋሂሊ እየሰሙ ይሥቃሉ።

የሚያሳዝነው ተቃርኖ ሌላም ነው። ስለ ፊደሉ፣ ስለ ብራናው፣ በቅኝ ስላልተገዛው አፉ ማታ ማታ የሚፎክረው ይኸው ወጣት፣ ጠዋት ሲነሣ የእንግሊዞቹ ቋንቋ ለአፍሪካ ከተማ ይበቃል ይላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ የእንግሊዝኛ ክፍለ ትምህርት ይፍረስ፣ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ቋንቋ ማዕከሉን ይያዝ ብለው የጻፉት በዚሁ ከተማ በሚገኘው፣ በኋላ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም ነበር። የኬንያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ከእንግሊዝኛም ጋር የሥራ ቋንቋ አድርጎታል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ እንዲሆን ወስኗል። ዲፕሎማት ወይም አስተርጓሚ መሆን የሚመኝ ተማሪ ናይሮቢ ተቀምጦ ይህን ካልቀሰመ የት ሊቀስመው ነው?

ከቋንቋው በታች ግን የማይነገር ነገር አለ፤ መነገርም አለበት። በአንዳንድ የሐበሻ ቤቶች ኬንያዊው በስሙ አይጠራም። «ጥቁሮቹ» ይባላል። «ጥቁሯ መጣች»፣ «ጥቁሩን ጠይቀው»! ይህን የሚሉ ሰዎች ራሳቸው ምን ቀለም እንደሆኑ ማን በነገራቸው? አዲስ የመጣው ልጅ ቃሉን ከእነርሱ ይለቅማል፤ ከዚያ በኋላ ከክፍል ጓደኛው ጋር ምሳ ሊበላ የሚችልበት መንገድ ይጠባል። የኢትዮጵያ ስም ለእነዚያው «ጥቁሮች» ምን እንደነበረ አያውቅም። ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረበት እ.ኤ.አ. በ1935 ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያ ወዳጆች ማኅበር ሲቋቋም በጸሐፊነት ያገለገሉት ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። እርሳቸውም ያን ጊዜ በባዕድ ትልቅ ከተማ የሚኖሩ ተማሪ ነበሩ። ዛሬ ናይሮቢ መሐል የኃይለ ሥላሴ ጎዳና፣ አዲስ አበባም የጆሞ ኬንያታ ጎዳና አለ። ተማሪው በጎዳናው ላይ በማታቱ ይመላለሳል፤ ረዳቱ የሚጠራውን የፌርማታ ስም ግን አይለይም።

እርግጥ ነው፣ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 «ኡሳላማ ዎች» በተባለው ዘመቻ ፖሊስ ኢስሊ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ በተለይም ሶማሌዎችን ሲያፍስ የካሳራኒ ስታዲየም ማጎሪያ ሆኖ ነበር፤ ወረቀት የነበራቸውም አልቀሩም። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለበት ማኅበረሰብ ተጠጋግቶ ቢኖር አያስደንቅም። እንጀራም፣ ቡናም፣ በበዓል ቀን አብሮ ማስቀደስም ነፍስ ያቆያል። ነውሩ መጠጋጋቱ አይደለም፤ በሩን ከውስጥ መቆለፉ ነው። ፖሊስ ሲያስቆመው በቋንቋው ሰላም ብሎ የተማሪ ፈቃዱን የሚያሳይ ልጅና እጁ እየተንቀጠቀጠ ለአገሩ ሰው የሚደውል ልጅ አንድ ዓይነት አይታዩም። ደግሞም በዚህ ድንዛዜ የሚጠቀሙ አሉ። ተማሪው ራሱ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ሄዶ ሊጨርሰው የሚችለውን ጉዳይ «እኔ አስጨርስልሃለሁ» ብሎ የሚቀበል፣ ቤት አስገኘሁ ብሎ ከአከራዩም ከተከራዩም የሚበላ፣ «ወንድሜ» እያለ የሚላጭ አይጠፋም። የአገሩን ቋንቋ የማያውቅ ተማሪ ለእንዲህ ያለው ደላላ የማይደርቅ ምንጭ ነው። «በእንግሊዝኛ ይበቃሃል» የሚለው ምክር አንዳንድ ጊዜ ከማን አፍ እንደሚወጣ ልብ ይሏል።

ናይሮቢ ተወልደው ያደጉት የሐበሻ ልጆች ስዋሂሊውን ከነሼንጉ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ወላጆቻቸውን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያስተረጉሙትም እነርሱ ናቸው። የማኅበረሰብ መሪዎችና የየቤተ እምነቱ ሽማግሌዎች አዲስ ለሚመጣ ተማሪ መቀበያ ድግስ ከማዘጋጀት ይልቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን አዳራሻቸውን ለሁለት ሰዓት ይክፈቱና እነዚህን ልጆች መምህር፣ ተማሪዎቹን ደቀ መዝሙር አድርገው ያስቀምጧቸው። ወጪው ሻይ ነው። ደላሎቹም መጥተው ከኋላ ወንበር ላይ ቢቀመጡ የሚከለክላቸው የለም።