ሐረር የማን ናት?

ቡታጅራ ግሮሰሪ ገብቶ «ሐረር ስጠኝ» ላለ ሰው ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይከፈትለታል። ለቡና ላኪ ሐረር የቡና ዓይነት ናት። ቢሾፍቱ ላይ ሐረር ሜዳ ያለ ሰው የአየር ኃይሉን ሰፈር ማለቱ ነው። በጃንሆይ ዘመን ደግሞ «የሐረር መስፍን» ሲባል ልዑል መኮንን ማለት ነበር። ሐረርጌ ክፍለ ሀገር ከቀረ በኋላም ስሙ ኦሮሚያ ውስጥ በሁለት ዞኖች ይኖራል።

የከተማዋ ተወላጆች ግን ከተማቸውን «ጌይ» ነው የሚሏት፤ ከተማ እንደማለት። ቋንቋቸው ለስልጥኛና ለወለኔኛ የቅርብ ዘመድ ነው። በእኛም አገር በጉራጌ ትውልዱን ከኤርትራ፣ ከአካለ ጉዛይዋ ጉራ የሚቆጥር እንዳለ ሁሉ፣ ከሐረር የሚቆጥርም አለ። ለእሱ ሐረር የአያት አገር ናት።

ስም ይህን ያህል መስፋቱ አያስከፋም። ጥያቄው ስሙ ሲሸጥ ማን ይጠቀማል ነው። የሐረር ቡና የሚበቅለው ከከተማዋ ግንብ ከጀጎል ውጭ፣ በሐረርጌ ገበሬ ማሳ ላይ ነው። መንግሥት በ1997 ዓ.ም ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት የዚያው አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። በዚሁ ጉዳይ ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በስምምነት ያበቃው በ1999 ዓ.ም ነው። ቢራው ላይ ግን ነገሩ በአንድ ሽያጭ አለቀ፤ በ2003 ዓ.ም ሄኒከን ፋብሪካውን ሲገዛ የከተማዋ ስም የተጻፈበት ጠርሙስም አብሮ ሄደ።

ይህን የማነሣው የስም ነገር ለእኛም ስለሚደርስ ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በወልቂጤ ስም ቢጠራም ግቢው ያለው ጉብሬ ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገጠር ጤና ጥናት ስለተካሄደባት፣ ለብዙ የውጭ ተመራማሪ ቡታጅራ የጥናት ስም ናት። ክትፎውና ቆጮውማ በጉራጌ ስም ከአዲስ አበባ አልፎ ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ እንሰት የሚፍቁት እናቶች ግን ከዚያ ገበያ ምን እንደሚደርሳቸው የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ የወልቂጤና የቡታጅራ አስተዳደሮች ከመንደር አምራቾች ጋር ተቀምጠው የትኛው ምርት በየትኛው ስም እንደሚሸጥ፣ ጥራቱን ማን እንደሚቆጣጠርና ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ ይወስኑ። ምልክቱንም በአምራቾቹ ማኅበር ስም ያስመዝግቡ። ስም የሚከበረው ባለቤቱ ቀድሞ ሲይዘው ነው። ሌላ ሰው ካስመዘገበው በኋላ የሚነሣ ቁጣ ለጠበቃ እንጂ ለገበሬ አይጠቅምም።