ከመለያየት በፊት መለየት

የትምህርቱ ዘመን ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተዋል። በዚህ ወቅት በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ ስለ ፈተና፥ ስለ ሥራ ፍለጋና ስለ አገር ጉዳይ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ስለ አሮጌ ብርድ ልብስ፥ ስለ ነጠላ ጫማና ስለ ጀሪካን ልጽፍ ተነሥቻለሁ። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ነገሩ ከጀሪካን ይጀምር እንጂ በጀሪካን አያበቃም።

ባለፈው ዓመት ተመራቂዎቹ ግቢውን በለቀቁ ማግስት ወደ አንድ መኝታ ክፍል ገብቼ ነበር። ስድስት ልጆች ከኖሩበት ክፍል ውስጥ ሦስት ጀሪካን፥ አንድ ባልዲ፥ ሁለት ብርድ ልብስ፥ ቁጥሩ የማይታወቅ ጫማ፥ እስከ ጣሪያ ሊደርስ ምንም ያልቀረው የፎቶ ኮፒ ክምር ወድቆ አየሁ። ሁለት የጽዳት ሠራተኞች፥ ሁለቱም በእናቶቻችን ዕድሜ ያሉ፥ የሚረባውን ከማይረባው ለመለየት ጐንበስ ቀና ሲሉ ዋሉ። በማግሥቱ የሚያጸዱት ሌላ ሕንጻ ስለ ነበረ ጊዜ አልበቃቸውም። የቀረው ከሕንጻው ጀርባ ተከምሮ ተቃጠለ። የብርድ ልብሱ ሽታ እስከ ማታ ግቢውን አልለቀቀም።

ክረምቱ አልፎ አዲሶቹ ተማሪዎች ሲመጡ ደግሞ ያንኑ ዐይነት ጀሪካንና ያንኑ ዐይነት ብርድ ልብስ በአዲስ ዋጋ ሲገዙ አየኋቸው። አንዱ ልጅ ብርድ ልብሱን ገዝቶ ካልኩሌተር መግዣ ስላጣ የመጀመሪያውን ፈተና በልመና በተገኘ ካልኩሌተር ሠራ። ጥፋቱ የማን ነው? ይህን በአስተዳደር ላይ ለማላከክ ይቀለን ይሆናል፤ ነገር ግን ብርድ ልብሱን ጥሎ የሄደው አስተዳደር አይደለም፤ እኛ ነን።

የዚህን ነገር ክብደት ያወቅሁት ግን በግቢ ሳይሆን በቤታችን ነው።

የተወለድኩት ቀድሞ ዋቸሞ ትባል በነበረችው በሆሣዕና ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሆሣዕና ርእሰ ከተማ ስትሆን የቀድሞው የደቡብ ክልል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ቤተሰባቸውንና ጓዛቸውን ይዘው ከሐዋሳ ወደ ሆሣዕና፥ ወደ ዱራሜና ወደ ሌሎቹ ከተሞች መጡ። በዚያ ሰሞን አልጋና ቁም ሣጥን የጫነ አይሱዙ በየሰፈራችን ማየት የዕለት ነገር ነበር። ለከተማዪቱ ታላቅ ደስታ ነው፤ ለተከራይ ግን የኪራይ መወደድ ማለት ሆነ። እኛም በ2016 ዓ.ም. ክረምት አከራያችን ቤቱን እንደሚፈልጉት ስለ ነገሩን ጓዛችንን ለማንሣት ተገደድን።

ቤት የቀየረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ድኻ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው የዕቃውን ብዛት የሚያውቀው ጋሪ በራፉ ላይ ሲቆም ነው። ከአልጋ ሥር የተሰነጠቀ ምጣድ፥ ክዳኑ የጠፋ ድስት፥ እጀታ የሌለው ጀበና፥ ከጎረቤት ተውሰን የረሳነው ወንፊት ወጣ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያስቸገረን አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ የታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ እንደ ብዙዎቹ የሐዲያና የከምባታ ወጣቶች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። የሄደው በሌሊት ነበርና ዕቃውን የመለየት ጊዜም ልብም አልነበረውም። ሳጥኑን ቈልፎ፥ ቁልፉን ለእናቴ ሰጥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤት ስንቀይር ይህ ሦስተኛችን ነው። ሳጥኑም ሦስት ጊዜ በጋሪ ተጭኗል፤ አንድም ጊዜ አልተከፈተም።

«እማዬ፥ እንክፈተውና የማያስፈልገውን እናስወግድ» አልኳት።

«እሱ በሌለበት የልጄን ዕቃ እንዴት እከፍታለሁ? የሞተ ሰው ዕቃ ነው እንዴ የሚበተነው?» አለችኝ።

በዚህ የሚስቅ ሰው የአገራችንን እናቶች ሐዘን አያውቅም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በማላዊ፥ ሙዚምባ በተባለው አውራጃ፥ በአንድ ጕድጓድ ውስጥ የ25 ሰዎች አስከሬን ተገኝቶ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም ሲባል ልጁ በመንገድ ላይ ያለ እናት ሁሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። እናቴ ወንድሜ በደኅና ገብቶ ሱቅ እንደሚሠራ እያወቀች እንኳ ያን ሳጥን መክፈት እንደ መርዶ ትፈራው ነበር። ዕቃው እንደ ዕቃ መቈጠሩ ቀርቶ ልጇን ተክቶ ተቀምጧል።

በመጨረሻ ወንድሜን በስልክ ጠራነው። የሰጠን መልስ ግን ያልጠበቅነው ነበር። «ያ ሳጥን እስከ ዛሬ አለ እንዴ?» ብሎ ጥቂት ዝም አለ። እሱ ረስቶታል! እናቴ በሦስት ቤት የተሸከመችለትን ሸክም ባለቤቱ አያስታውሰውም ነበር።

እሱ በስልክ እየሰማ ከፈትነው። የ10ኛ ክፍል ደብተሮቹን «ለጎረቤት ልጆች» አለ፤ የተበላሸውን ራዲዮ «ለቆራሌ» አለ፤ ከአባታችን ጋር የተነሣውን ፎቶግራፍ «እማዬ ታስቀምጠው» አለ። በመጨረሻ ወፍራም ሰማያዊ ጃኬቱ ወጣ። «እሱን ለአንተ ነው» አለኝ። ጃኬቱን ሳነሣው እጄ ላይ ተበጣጠሰ፤ ብል በልቶታል።

ያን ጃኬት በልጅነቴ እመኘው ነበር። የሆሣዕና የክረምት ብርድ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያን ሁሉ ዓመት በስስ ሹራብ ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስ ጃኬቱ ከአልጋዬ ሥር ተቈልፎበት ነበር። ወንድሜን አልወቅሰውም፤ እናቴንም አልወቅሳትም። ነገር ግን በመሄጃው ሌሊት አምስት ደቂቃ አግኝቶ «ይህን ለእሱ፥ ይህን ለነ እገሌ» ቢል ኖሮ እኔ በሞቀኝ፥ እናቴም ከሸክሙ በዳነች ነበር።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው፤ ሰው ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ዕቃውን መለየት ያለበት ራሱ ባለቤቱ ነው፤ መለየት ያለበትም ሳይሄድ ነው። ሳይለይ የሄደ ሰው የሚሠራው ሁለት ነገር ነው። ከሚወዱት ሰዎች ዘንድ ከሆነ ሸክም ያወርሳቸዋል፤ ከማያውቁት ሰዎች ዘንድ ከሆነ ደግሞ ንብረቱን እሳት ይበላዋል። የሳጥኑ ነገር የመጀመሪያው፥ የመኝታ ክፍሉ ነገር የሁለተኛው ምሳሌ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ ዕቃ ስለ መቀነስ በውጭ አገር የሚጻፈውን አንብበው ይጠቅሱልኛል። ማሪ ኮንዶ የምትባል ጃፓናዊት በዚህ ጕዳይ በጻፈችው መጽሐፍ በዓለም ታውቃለች፤ ዕቃህን በእጅህ ይዘህ ደስታ ይሰጠኛልን? ብለህ ጠይቅ፥ ካልሰጠህ አሰናብተው ትላለች። ለሞላለት አገር ይህ መልካም ምክር ሊሆን ይችላል። የኛ ችግር ግን የዕቃ መትረፍረፍ አይደለም። እናቴ ክዳን የሌለውን ድስት የምታስቀምጠው ስስታም ስለ ሆነች ሳይሆን ነገ ሌላ መግዣ እንደማታገኝ ስለምታውቅ ነው። ስለዚህ በኛ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደስ ያሰኘኛልን?» ሳይሆን «ለማን ይሆናል?» መሆን ይገባዋል።

ይህም ጥያቄ ከውጭ የሚመጣልን አይደለም። በሐዲያና በከምባታ የእንሰት ጓሮ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከእንሰት ምን ይጣላል? ከግንዱ ተፍቆ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ ሥሩ አሚቾ ሆኖ ይቀቀላል፤ ጭረቱ ቃጫ ሆኖ ገመድ ይወጣዋል፤ ቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፥ ዕቃ ይጠቀለልበታል፤ የቀረውን ከብት ይበላዋል። ከእንሰቱ እያንዳንዱ ክፍል ወዴት እንደሚሄድ እናቶቻችን ቢላዋ ሳያነሡ ያውቃሉ። የዩኒቬርሲቲ ልጅ ግን ስለ አንድ ብርድ ልብስ ወዴት እንደሚሄድ ሳያስብ ይወጣል። ታዲያ የተማረው ማነው?

ደግሞም እድርን እንመልከት። በአንድ ሰፈር ያለ ሰው ሁሉ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ታላላቅ ድስት በየቤቱ አያስቀምጥም። የእድሩ ዕቃ ቤት አለ፤ ጠባቂ አለ፤ መዝገብ አለ። የቸገረው ይወስዳል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። አባቶቻችን ያለ አንዳች የዩኒቬርሲቲ ትምህርት ይህን ያህል ሥርዓት ካቆሙ፥ እኛ አንዲት ክፍልና አንድ ደብተር ማዘጋጀት እንዴት ያቅተናል?

ስለዚህ ለማኅበራችን ይህን ሐሳብ አቀርባለሁ። ከመመረቂያው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አንዲት ክፍል ትከፈት። ተመራቂው ለሌላ የሚተርፈውን ዕቃ አጥቦ ያምጣ፤ በደብተር ይመዝገብ። ጠባቂዎቹ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ይመረጡ፤ ክረምቱን አልፈው የሚረከቡ እነሱ ናቸውና። በመስከረም ዕቃው ለአዲስ ገቢዎች ይታደል፤ ከገጠር ለመጡትና ረዳት ለሌላቸው ቅድሚያ ይሰጥ። የወሰደው ልጅ ስም ግን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ። ስጦታ የተቀባዩን ፊት የሚያሳፍር ከሆነ ባይሰጥ ይሻላል።

በዚህ ጕዳይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ትኋን ይዛመታል» ይባላል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ ሳይታጠብና ፀሐይ ሳይመታው አይግባ። «ሰዉ የማይረባውን ያራግፍብናል» ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ ስለዚህ ሕጉ አንድ ይሁን፤ ራስህ የማትለብሰውን ቀዳዳ ለወንድምህ አትስጥ። ያ መስጠት ሳይሆን ቆሻሻህን በሰው እጅ ማስጣል ነው።

የማይሰጠውስ ዕቃ ምን ይሁን? ብረትና ፕላስቲክ ለቆራሌ ይሸጥ፤ ይህ የሚናቅ ሥራ አይደለም። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ብንሄድ አሮጌው ቆርቆሮ ምድጃና ባልዲ ሆኖ ሲወጣ እናያለን። ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለዚህ ጋዜጣ ወረቀት መግዣ ይሁን። የፎቶ ኮፒው ክምር በየትምህርቱ ተለይቶ ይታሰር፤ ለሚመጣው ተማሪ ወርቅ ነው። የተዋስነውን መጽሐፍም ሆነ ድስት ለባለቤቱ እንመልስ። የተረፈ መድኀኒት ለማንም አይሰጥ። ስምና መለያ ቍጥር ያለበት ወረቀት ተቀዶ ይጣል፤ አሮጌ ስልክ ከመሸጡ በፊት ውስጡ ያለው ይጥፋ። ባትሪ ከእሳት አይግባ።

«ጣልኩት» የሚለው ቃል ራሱ አታላይ ነው። የተጣለ ዕቃ ከዓለም አይወጣም፤ ከኛ ዐይን ወጥቶ ከሌላው ደጃፍ ይከመራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ቆሼ በሚባለው ስፍራ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ክምር ሥር የሞቱት ሰዎች ዕቃውን የጣሉት ሰዎች አልነበሩም።

ወደ ቤታችን ነገር ልመለስና ላብቃ። እናቴ ሳጥኑን አልጣለችውም፤ እኔም ጣይው አላልኳትም። በአዲሱ ቤት የእንግዳ ብርድ ልብስ ታስቀምጥበታለች፤ አሁን ግን አይቈለፍም። ፎቶግራፉን ከግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ወንፊቱንም ይቅርታ ጠይቃ ለጎረቤቷ መለሰች። ሴትዮዋም ሌላ ገዝተው ኖሮ «ለእኔ አንድ ይበቃኛል፤ ለልጄ እልከዋለሁ» አሉ። ያ ወንፊት አሁን በሾኔ ከተማ ዱቄት ይነፋበታል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ጥቂት ቀን አለን። ዛሬ ማታ ከአልጋችን ሥር ያለውን እናውጣ፤ ለእያንዳንዱም «ይህ ለማን ይሆናል?» ብለን እንጠይቅ። ከመለያየታችን በፊት እንለይ።

ከአንድ የሆሣዕና ልጅ