ጥርስ ሲሠራ ትንፋሹን የሚጠብቀው ማነው?

ሰመመንን በዓለም አደባባይ ያቆሙት ሁለት የጥርስ ሐኪሞች ናቸው። ሆራስ ዌልስ በዲሴምበር 1844 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሃርትፎርድ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። ይህንኑ ቦስተን ሄዶ በሰው ፊት ሲያሳይ ግን ታካሚው በመሃል ጮኸ፤ ዌልስም የተማሪ መሳለቂያ ሆኖ ተመለሰ። ለቀድሞ ባልደረባው ለዊልያም ሞርተን ቀናው። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል አንድ ወጣት በኤተር አስተኛ፤ የቀዶ ሐኪሙ ጆን ዋረንም የወጣቱን አንገት ቀዶ ሠራው።

የእነዚህ ሰዎች የሙያ ልጆች የጥርስ ሰመመን በአሜሪካ ራሱን የቻለ የጥርስ ሕክምና ስፔሻሊቲ እስኪባልላቸው ድረስ ማርች 2019ን መጠበቅ ነበረባቸው።

ያዘገየው የዕውቀት እጥረት አልነበረም። ጥያቄው ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ጉባኤ እየቀረበ በድምፅ ይወድቅ ነበር፤ በ2012ም ወድቋል። ከተቃዋሚዎቹ ግንባር ቀደሞቹ የአፍና መንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ነበሩ። እነሱ ለረጅም ዘመን ታካሚውን ራሳቸው አስተኝተው፣ ራሳቸው ቀዶ እየሠሩ፣ በረዳት እየታገዙ ኖረዋል፤ መዝገባችንም ጥሩ ነው ይላሉ። የገበያ ጉዳይም ነበረበት ብሎ የሚያማ ካለ ብዙ አልተሳሳተም።

ክርክሩን ለመዳኘት መጀመሪያ ሥልጠናውን ማየት ይበጃል። አንድ የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ የሰመመን ስፔሻሊስት ለመሆን ከጥርስ ሕክምና ዲግሪው በኋላ 36 ወር ሬዚደንት ይሆናል። ፒትስበርግ፣ ኦሃዮና ስቶኒ ብሩክን በመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሆስፒታሎች ከሕክምና ሬዚደንቶች ጎን ቆሞ የሆድ፣ የአጥንት፣ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች ያስተኛል፤ ሌሊት ተረኛ ይሆናል። ለመመረቅ ቢያንስ 800 ሰው በጥልቅ ሰመመን ማስተኛት አለበት። ከነዚህ ውስጥ 300ዎቹ ወደ አየር ቧንቧቸው ቱቦ የገባላቸው፣ ከ300ው ደግሞ ቢያንስ 50ዎቹ ቱቦው በአፍንጫ በኩል የገባላቸው መሆን አለባቸው። 125 ታካሚዎች ዕድሜያቸው 7 ዓመትና ከዚያ በታች፣ 75ቱ ልዩ ፍላጎት ያላቸው እንዲሆኑም ይጠየቃል። የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሙ በበኩሉ በሰመመን ክፍል በግዴታ የሚያሳልፈው አምስት ወር ያህል ነው።

የአፍንጫው ነገር ዝርዝር ቢመስልም የሙያው ልብ እዚያ ነው። ሆዱ የሚቀደድ ታካሚ ራስጌ የሰመመን ባለሙያው ይቆማል፤ አፉና ጉሮሮው የእሱ ግዛት ናቸው። ጥርስ ሲሠራ ግን ሁለት ባለሙያ በአንድ ቀዳዳ ይሠራል፤ ቱቦው በአፍንጫ የሚገባውም ለዚህ ነው። መቦርቦሪያው የሚረጨው ውኃ፣ ደሙ፣ የተሰበረው የጥርስ ስባሪ፣ ተረስቶ ሊቀር የሚችለው ጥጥ ሁሉ የሚወርደው አየር በሚገባበት በር ነው። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ምላሱ ለአፉ ትልቅ፣ ቶንሲሉ ያበጠ፣ የኦክስጅን ስንቁ ትንሽ ነው። ትንፋሹ ከተዘጋ አዋቂው ከሚታገሠው ጊዜ በጣም ባጠረ ውስጥ ይጠቁራል።

ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣም የራሱ ሒሳብ አለው። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ሊዶኬይን የተባለውን የዚህን ማደንዘዣ ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ላይ አስቀምጠዋል። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 66 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ባለ 2 በመቶ የሆነች አንዲት ካርትሬጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) 36 ሚሊግራም ገደማ ትይዛለች፤ ሁለቱ ጣሪያውን ያልፋሉ። ነቅቶ ያለ ሰው ሲበዛበት ምላሴ ደነዘዘኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ ይላል። የተኛ ሕፃን ግን አይልም። ይህን የሚቆጥር፣ የጥርሱንም የመድኃኒቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ከራስጌው መኖር አለበት።

በ2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ የ6 ዓመት ሕፃን በግል ክሊኒክ ጥርስ ሊወጣለት ተኝቶ ሞተ። ያስተኛውም ጥርሱን የሚያወጣውም አንድ ሐኪም ነበር። ሚኒባስ እየነዳ ሒሳብም የሚሰበስብ ሾፌር ብዙ ቀን ያለ አደጋ ሊገባ ይችላል፤ ያ ግን አሠራሩን ትክክል አያደርገውም። ግዛቱ በ2016 ሕግ አወጣ፤ በኋላም አጠበቀው። ከ2022 ወዲህ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ በክሊኒክ ሲተኛ ከሐኪሙ ሌላ የሠለጠኑ ሁለት ሰዎች መኖር አለባቸው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2019 ከሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ጋር ባወጣው መመሪያ ጥርሱን ከሚሠራው የተለየ፣ ሰመመን የሚያውቅ ባለሙያ ልጁን ይከታተል ብሏል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በሎስ አንጀለስ የልጁን ጥርስ ለማሠራት የስምምነት ወረቀት የሚቀርብለት ሐበሻ ወላጅ ከመፈረሙ በፊት «ልጄን የሚያስተኛው ማነው? እሱ ጥርሱንም ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ማፈር አያስፈልግም።

ብሪታንያ ሌላ መንገድ መረጠች። በ2000 ከወጣ የመንግሥት ሪፖርት በኋላ፣ ከ2002 ጀምሮ ለጥርስ ሙሉ ሰመመን የሚሰጠው የጽኑ ሕሙማን ክትትል ባለበት ሆስፒታል ብቻ ሆነ። ለሕይወት የተሻለው ይህ ነው። ዋጋው ግን ወረፋ ነው። በእንግሊዝ ከ5 እስከ 9 ዓመት ያሉ ሕፃናት ሆስፒታል ከሚገቡባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የጥርስ መበስበስ ሆኖ ቆይቷል፤ ልጆቹም በሕመም ወራት ይጠብቃሉ። የአሜሪካው መንገድ የሆስፒታሉን ዕውቀት በሰው ጭንቅላት አድርጎ ወደ ክሊኒክ ይልካል። ብዙዎቹ የጥርስ ሰመመን ስፔሻሊስቶች መሣሪያቸውን ጭነው ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራሉ፤ ኦቲዝም ያለበት ጎልማሳ በለመደው ወንበር ላይ ጥርሱ ይታከማል። ይህ አሠራር ልክ የሚሆነው የሦስት ዓመቱ ሥልጠና ሳይሸራረፍ ሲቆይ ነው። በቅዳሜና እሁድ ኮርስ ሰው ማስተኛት የተፈቀደ ቀን ሁሉም ይፈርሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰመመንን በአብዛኛው የሚሰጡት በዲግሪ የሠለጠኑ የሰመመን ባለሙያዎች ናቸው፤ ስፔሻሊስት ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው። ለጥርስ ብቻ የሚሆን ስፔሻሊቲ እንክፈት ማለት ዛሬ ቅንጦት ይሆናል። ፍላጎቱ ግን እዚሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ የጨመረው ኖማ የሕፃናትን ፊት በልቶ መንጋጋቸውን ቆልፎ ይተዋል። አፉ የማይከፈት ታካሚ ለቀዶ ሲተኛ ቱቦው በአፍንጫ፣ ብዙ ጊዜም በቀጭን ካሜራ እየታየ ነው የሚገባው። ይህን እጅ የሚያሠለጥነው ደግሞ የዕለት ተዕለቱ ቀላል ሥራ ነው፤ የሕፃናት ጥርስ፣ የተሰበረ መንጋጋ፣ የተሰነጠቀ ላንቃ።

አዲስ አበባ ውስጥ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶችም የሰመመን ሬዚደንቶችም በትምህርት ላይ ናቸው። የፊተኞቹ በሰመመን ክፍል የሚቆዩበትን ወራት ማርዘም፣ ለኋለኞቹ የአፍንጫ ቱቦ ቁጥር መወሰንና መመዝገብ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ነቅተው ጥርሳቸውን ማሠራት ለማይችሉ ሕፃናትና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች፣ ሁለቱ ክፍሎች በሳምንት አንድ የጋራ የኦፕሬሽን ቀን ቢይዙ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል።